ጭረቷን መጀመሪያ ፎቶ አንሳት

ሰሞኑን የደረሰኝን ደብዳቤ አሳጥሬ ላስቀድም።

«ሰላም ላንተ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ2007 ሞዴል ሆንዳ ሻዶው ኤሮ 750 ሞተር ሳይክል አለችኝ። 14,300 ማይል ሄዳለች። ዘጠኝ ዓመት ይዣታለሁ፤ ዝናብ ሳይነካት ጋራዥ ውስጥ ነው ያኖርኳት። የድሮ ዘመን መልክ ስላላት መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያያታል። አሁን ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛለች፣ ግንቦት ላይ ትወልዳለች። ‹ሽጣት› ብላ አላፈጠጠችብኝም፤ ግን ጋራዡን በዓይኗ እየለካችው ነው። 5,200 ዶላር ብዬ ከለጠፍኳት ሦስት ሳምንቷ። ‹አለች ወይ?› ብሎ ከሚጽፍ ሰው በቀር ማንም አልመጣም። የአክስቴ ልጅ በ2,500፣ እሱንም በየወሩ እየከፈልኩ ልውሰዳት ይላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በኮንቴይነር ላክልኝ ይላል። አንድ ሰውዬ ደግሞ ሳያያት ቼክ ልላክልህ ብሎኛል። ድምፅ ያለው ማርሚታ በ600 ዶላር አስገጥሜባታለሁ። ታንከሯ ላይ ትንሽ ጭረት አለች። ላስቀባት ወይስ ልተዋት? ግራ ገብቶኛል። ባለ ሻዶው ነኝ።»

ወንድሜ ባለ ሻዶው፣ ዓይኔ ያረፈው መጨረሻ ላይ በሸጎጥካት ጭረት ላይ ነውና ከእሷ ልጀምር።

አታስቀባት። የ2007 ቀለም ከዛሬ ቀለም ጋር በቀላሉ አይገጥምም፤ ፀሐይ ላይ ስትቆም ልዩነቱ ያሳብቃል። ሞተር የሚያውቅ ገዢ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ የተቀባ ታንከር ሲያይ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው፤ «ይቺ ወድቃለች»። ከዚያ በኋላ ብትምል ብትገዘት አያምንህም። አጠገቧ ሳንቲም አድርገህ ፎቶ አንሳት፣ ልኳ እንዲታይ። ከፎቶዎቹም ወደ ፊት አምጣት፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ሥሩ ላይ እንዴት እንደተጫረች በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። የብስክሌት እጀታ ነክቷት ይሁን፣ የጃኬትህ ዚፕ ይሁን፣ እንዳለ ተናገር። ጭረቷን ደብቀህበት የመጣ ገዢ እዚያው ቆሞ ሲያገኛት 300 ዶላር ያስቀንስሃል። አስቀድሞ አይቷት የመጣ ግን ነገሯን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው።

ይህን የምልህ ተቀጥቼ ስለተማርኩት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር ካዋሳኪ ቩልካን 800 ነበረችኝ። ጤነኛ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት በብርድ ስትነሳ ግን ታስቸግራለች። ቾክ (በብርድ ለማስነሳት ነዳጁን የሚያበዛውን እጀታ) ስበህ፣ ትንሽ ለምነህ፣ ሁለት ሦስቴ ሞክረህ ነው የምትነሳው። ገዢ የሚመጣ ቀን እኔ ብልጡ ምን አደረግኩ? ግማሽ ሰዓት ቀድሜ አስነስቼ፣ አሙቄ፣ አጥፍቼ፣ በጨርቅ ወልውዬ ጠበቅኩት። ሰውዬው ጢሙ የሸበተ፣ ዕድሜውን በሞተር ላይ የጨረሰ ዓይነት ነው። ሰላም አለኝ። ጓንቱን አወለቀ። ቀለሙን አላየ፣ ጎማውን አላየ፤ መዳፉን ቀስ አድርጎ የሞተሩ ጎን ላይ አሳረፈና ቀና ብሎ አየኝ።

«ዛሬ የት ሄደህ ነበር?»

«የትም።»

«ታዲያ ለምን ሞቀች?»

መልስ አልነበረኝም። «አመሰግናለሁ» ብሎ ጓንቱን አጠለቀና ሄደ። ቩልካኗን ከስድስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ሰው 400 ዶላር ቀንሼ ሸጥኩ። የሚያናድደው፣ «በብርድ ስትነሳ ትንሽ ትለግማለች፣ ካርቡራተሯ መጠረግ ይፈልጋል» ብዬው ቢሆን ሰውዬው ይገዛኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ካርቡራተር፣ ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ማስጠረግ እኮ ከ400 ዶላር ያነሰ ሥራ ነው።

ስለዚህ የአንተዋ ባለ ካርቡራተር ስለሆነች ገዢው ሲመጣ ቀዝቅዛ ትጠብቀው። እሱ ፊት ቾኩን ሳብ፣ አስነሳ፣ ሁለት ደቂቃ ትቁም፣ ከዚያ ቾኩን መልስ። በብርድ ተነስታ ሳትንገዳገድ የምትቆም ሞተር ከምንም ንግግር የበለጠ ትሸጣለች።

አሁን ወደ 5,200። ከየት እንዳመጣኸው ልገምት? የገዛህበት ምናልባት 4,000፣ ማርሚታው 600፣ የቆዳ ቦርሳዎቹ 300፣ የፊት መስታወቱ 250። ቀሪዋ 50 ዶላር ፍቅር ናት። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ፣ ግን አብዛኛው ሻጭ እንዲህ ነው የሚደምረው። ገዢ እንዲህ አይደምርም። የእሱ ሒሳብ ቀላል ነው። ሆንዳ ይቺኑ ሻዶው ኤሮ በዚያው 745 ሲሲ ቪ ሞተር፣ መልኳንም ብዙ ሳይነካ፣ ዓመታት ሙሉ ሲሠራት ኖሯል። አዲሷ 8,000 ዶላር ገደማ ናት፣ ከነዋስትናዋ። ታዲያ ለቆየችው 5,200 የሚከፍል ሰው «ትንሽ ልጨምርና አዲስ ልግዛ» አይልም? ይላል። ብሎም ነው ዝም ያለህ።

ኬሊ ብሉ ቡክ በሚባለው የመኪናና የሞተር ዋጋ መገመቻ ድረ ገጽ ላይ ሞዴሏን አስገብተህ እይ፤ ለሱቅ ብታስረክባት የሚሰጡህ ሒሳብና ለግለሰብ ብትሸጣት የምታገኘው የተለያየ መሆኑንም ልብ በል። ከዚያ በላይ የሚጠቅምህ ግን ዙሪያህን ማየት ነው። ሪችመንድ፣ ባልቲሞር፣ ፍሬድሪክስበርግ ድረስ ያሉትን ተመሳሳይ ሞተሮች ለሁለት ሳምንት ተከታተል። የተጠየቀውን ዋጋ አትመን፤ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። የትኛዋ ቶሎ ጠፋች፣ የትኛዋ ወር ሙሉ ተገትራ ቀረች፣ እሱን እይ። እኔ ብሆን 3,900 ብዬ ለጥፌ 3,500 ላይ እጄን እዘረጋለሁ። ከ3,200 በታች ይዞ የመጣውን ግን ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ።

ደግሞ ኅዳር ላይ ነው የለጠፍከው! በዚህ ብርድ ሞተር የሚፈልግ ሰው አንድም ርካሽ ፈላጊ ነው፣ አንድም ሥራ ፈት። እዚህ አካባቢ የሞተር ገበያ የሚነቃው መጋቢት ላይ አየሩ ሞቅ ሲል ነው። ባለቤትህ የምትወልደው ግንቦት ላይ ከሆነ ጊዜ አለህ። ማስታወቂያውን አንሳው፤ ወር ሙሉ የተገተረ ማስታወቂያ «ምን ብትሆን ነው?» ያሰኛል። የብርዱን ወራት ግን ዝም ብለህ አታቁማት። ነዳጁ ኤታኖል የሚባል አልኮል አለበትና ሲቆይ ይበላሻል፣ ካርቡራተሩንም በሙጫ ይደፍነዋል። ታንከሯን ሙላ፣ ከመኪና ዕቃ መደብሮች የሚገኘውን የነዳጅ ማቆያ ፈሳሽ ጨምርበት፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን አፍስስ፣ ባትሪውን ቻርጀር ላይ ሰካ። መጋቢት ላይ ስትነሳ ታመሰግነኛለህ።

ማርሚታው። እዚህ ላይ ልታዝንብኝ ነው። 600 ዶላርህ አይመለስም። እንዲያውም ይቺን ሞተር ሊገዛ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ አስብ። ወንበሯ ከመሬት 26 ኢንች ገደማ ነው፤ እግሩ አጠር ያለ ሰውም ሁለት እግሩን መሬት ላይ ዘርግቶ ይቆማል። ሰንሰለት የላትም፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በዘንግ ነው፤ ቅባት የለ፣ ማጥበቅ የለ። ስለዚህ የሚመጣልህ ገና ፈቃድ ያወጣ ጀማሪ፣ ወይ ልጆቹ አድገውለት ወደ ሞተር የተመለሰ ሰው፣ ወይ ቁመቷ ከሌሎች ሞተሮች ያልገጠመላት ሴት ነች። እነዚህ ሰዎች ጎረቤት የሚቀሰቅስ ድምፅ አይፈልጉም። ፋብሪካ የሠራላት ማርሚታ ጋራዥህ ጥግ ካለ መልሰህ ግጠመው፣ ጮኺውን ለብቻው ሽጠው። ምናልባት 150 ዶላር ታገኝበታለህ። ዋናውን ጥለኸው ከሆነ ግን... ምን ይባላል፣ ሆነ።

በነገራችን ላይ መልኳን ስትሸጥ መልኳ ምን እንደሆነ እወቅ። ያ ጥልቅ ፓራፋንጎ፣ እንባ የመሰለው ታንከር፣ ባለ ራጂው (ባለ ሽቦው) ቸርኬ፣ ኒኬሉ ሁሉ የ1940ዎቹንና የ50ዎቹን የአሜሪካ ሞተሮች አስታዋሽ ነው። ሞተሩ ላይ የምታያቸው ክንፎች በአየር የምትቀዘቅዝ ያስመስሏታል እንጂ በውኃ ነው የምትቀዘቅዘው፤ ራዲያተሯን ከፊት በሁለቱ ብረቶች መሃል ደብቀውታል። እኔ ይቺን ብልጠት እወዳታለሁ። ለገዢ ስትነግረውም ደስ ይለዋል፤ የአያት ልብስ የለበሰች ዘመናይ ናት ማለት ነው።

እንግዲህ መልክ የምትሸጥ ከሆነ መልኳ ይታይ። ኒኬሉ ላይ ነጠብጣብ ዝገት ካለ የወጥ ቤት ፎይል ጨምደድ አድርገህ ውኃ አስነክተህ ቀስ ብለህ እሸው። ጠቆር ያለ ውኃ ይወጣል፣ በጨርቅ ጥረገው፣ ያበራል። ራጂዎቹን አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ። አዎ፣ አሰልቺ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከነቡናህ። የመኪና ማጠቢያ ቤት ወስደህ በግፊት ውኃ ግን አታስመታት፤ ኩሽኔታው ውስጥ ውኃ ይገባል።

ጎማውን እይ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። የአንተ ማይል ትንሽ ስለሆነ ጎማህ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ግን ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ጋራዥ ውስጥ የኖረች ሞተር በሽታዋ ይሄው ነው። ያረጀ ከሆነ አዲስ አትግዛ፣ ዋጋው ላይ ቀንስ፣ እሱንም ጻፈው። ዘይት የቀየርክበትን ደረሰኝ፣ የኋላ ዘንጉን ዘይት፣ አራቱን ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራውን፣ ምን መቼ እንደተሠራ በአንድ ወረቀት ላይ በእጅህ ጽፈህ ከደረሰኞቹ ጋር በፕላስቲክ አስቀምጥ። ሰው ያንን ወረቀት ሲያገላብጥ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ታያለህ። ዘጠኝ ዓመት የተንከባከብክበት ዋጋ የሚከፈልህ እዚያች ፕላስቲክ ላይ ነው፤ «እንደ ልጄ ነው የያዝኳት» ማለት ማንም ይችላል።

ሳያያት ቼክ የሚልከው ሰውዬ ሌባ ነው። አትከራከረው፣ ዝጋው። አካሄዳቸውን ልንገርህ፤ ከዋጋው በላይ የተጻፈ ቼክ ይልካሉ፣ «ትርፉን ለጫኙ ላክልኝ» ይላሉ፣ አንተ ትልካለህ፣ ከሳምንት በኋላ ባንኩ ቼኩ ውሸት ነው ይልሃል፣ ገንዘቡም ከአንተ ይቆረጣል። ሌላው ደግሞ «እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ፣ ስልክህ ላይ የመጣውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ንገረኝ» ይላል። አትንገር። «ከዚህ ድረ ገጽ የሞተሯን ታሪክ ገዝተህ ላክልኝ» የሚልም አለ፤ የካርድህን ቁጥር ነው የሚፈልገው። የምር ገዢ ማየት የሚፈልግ ሰው ነው። «ቅዳሜ ልምጣ?» ይልሃል፣ አለቀ።

የአክስትህ ልጅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉ የከበደህ ይሄ መሰለኝ። 2,500 የዘመድ ዋጋ ነው እንበል፣ ይሁን። በየወሩ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ታይትሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ በማን ስም ሊሆን ነው? በአንተ ስም ከቆየ፣ እሱ ሰው ቢገጭ የሚጠራው የአንተ ስም ነው። በእሱ ስም ካዞርክለት ደግሞ ሦስተኛው ወር ላይ ሲያቆምብህ ምን ይዘህ ትጠይቃለህ? በየልደቱና በየሠርጉ እየተያያችሁ፣ እሱ እያፈረ አንተ እየተናደድክ፣ አክስትህ መሃል ገብታ። እንዲህ በለው፤ «ወንድሜ፣ መጋቢት ላይ ነው የምሸጣት፣ እስከዚያ እቁብህም ቢወጣ አጠራቅም፣ ለአንተ 3,200፣ በአንዴ፣ ከማንም በፊት ላንተ እደውላለሁ።» ከፈለገ ይመጣል። ካልፈለገ ኩርፊያው የሁለት ሳምንት ነው። የሞተር ፈቃድ እንዳለው ግን ጠይቀህ ታውቃለህ? የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሞተር አይሆንም። ኤም የሚለው ምልክት መንጃ ፈቃዱ ላይ ከሌለ ዋጋ ማውራቱም ቀርቷል።

የአዲስ አበባው ወንድምህ ደግሞ አሳዘነኝ። ማን ይጠላል፣ ቦሌ መንገድ ላይ በሻዶው! ግን አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከር የከለከለች ከተማ ናት። መንግሥትም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። የመርከብ ጭነቱን፣ ቀረጡን፣ ከዚያ መለዋወጫ ፍለጋውን ስትደምር ሞተሯን ሁለቴ ትገዛታለህ። «አይሆንም» በለውና በዚያው ስልክ ስለ ሕፃኑ አውሩ።

ገዢ ሲመጣ ቤትህ አትጥራው። ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች እንዲህ ላለ ግብይት የሚሆን የመኪና ማቆሚያ አላቸው፤ ቀደም ብለህ ሂድና ቀዝቅዛ ትጠብቀው። ልሞክራት ካለህ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን እይ፣ ፎቶ አንሳው፣ ከዚያ ሙሉ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ እጅህ ላይ ያስቀምጥ። የመጣበትን መኪና ቁልፍ ብቻ ይዘህ አትመን፤ መኪናው የማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ጥሬ ገንዘብ ካልያዘ የእሱ ባንክ ሂዱና ቼኩን እዚያው ዓይንህ እያየ ያሠራ። «ቀብድ ልስጥህና ያዝልኝ» ካለ 200 ዶላር ተቀበል፣ እስከ መቼ እንደምትይዝለት ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ወረቀቱ አያስፈራህ። የሞተሯ ብድር ካለቀ ባንኩ ዕዳው ማለቁን የጻፈልህን ፈልገህ አዘጋጅ፤ ታይትሉ ላይ የባንክ ስም ካለ ያለዚያ ወረቀት አትሸጥም። ታይትሉ ላይ የገዢውን ስም፣ ዋጋውን፣ ቀኑን፣ ማይሉን ሞልተህ ፈርም። ስሙን ባዶ ትተህ አትፈርም፣ «እኔ እሞላዋለሁ» ቢልህም። ደግሞ አንዱ ይመጣና «1,000 ብለህ ጻፍልኝ» ይልሃል፣ ግብር ለማሳነስ። ቨርጂኒያ ላይ ግብሩ 4.15 በመቶ ነው፤ በ3,500 ላይ 145 ዶላር ከ25 ሳንቲም ማለት ነው። ለእሱ ግብር ብለህ ውሸት ላይ አትፈርም። ታርጋውን ፍታው፣ የአንተ ነው፣ ከሞተሯ ጋር አይሄድም። መሸጥህን ለዲኤምቪ፣ ለታርጋና መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ በዚያው ቀን በኢንተርኔት አሳውቅ። ኢንሹራንሱን የምታቋርጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ታርጋው ሳይዘጋ ኢንሹራንስ ካቋረጥክ ዲኤምቪ ይጠይቅሃል።

አንዲት ነገር ቀረች። ሁለተኛዋን ቁልፍ አሁኑኑ ፈልጋት። እኔ ቩልካኔን የሸጥኩ ለት ረስቻት፣ ከሳምንት በኋላ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከባትሪ ድንጋይና ከድሮ የታክሲ ደረሰኝ ጋር አገኘኋት። ጠዋት ፖስታ ቤት ልልካት ወጣሁ። እስከ ማታ ግን ኪሴ ውስጥ ይዣት ዋልኩ።